ኮሌጅ ውስጥ ለምንሠራ፦ "ፓርት ታይም ስለሆንሽ 403ቢ አይመለከትሽም" ተባልኩ፤ እውነት ነው?

የማታ ፈረቃ (ሜሪላንድ)

ሰላም ለዚህ ቤት በሙሉ። አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ በጽዳት ክፍል እሠራለሁ። በሳምንት 24 ሰዓት፣ ሁልጊዜ ማታ ነው። ቼኬ የሚመጣው ከኮሌጁ ነው። ከገባሁ ሦስት ዓመት አልፎኛል።

በቅርቡ ቢሮዋን የማጸዳላት አንዲት የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ "403ቢ ውስጥ አለሽበት አይደል?" ብላ ጠየቀችኝ። ሰምቼው አላውቅም። ታክስ ሳይቆረጥበት ከደሞዝ ለጡረታ የሚቀመጥ ገንዘብ መሆኑን አስረዳችኝ። ኤች አር ሄጄ ስጠይቅ "ፓርት ታይም ስለሆንሽ አይመለከትሽም፤ እሱ ለፉል ታይም ብቻ ነው" ተባልኩ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ይሄ እውነት ነው? ደግሞም ለመምህራኑና ለቢሮ ሠራተኞቹ ኮሌጁ ከራሱ 8 ከመቶ ይጨምርላቸዋል አሉ። ለእኛ ምንም የለም። ሕጉ እንዲህ ዓይነት አድልዎ ይፈቅዳል? የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

ሒሳብ ሹም (ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ የነገሩሽ ትክክል አይደለም። ባልሽው ሰዓት የምትሠሪ ከሆነ ከደሞዝሽ ወደ 403ቢ የማስቆረጥ መብት አለሽ። እኔ ኮሌጅ ውስጥ ቤኔፊት ክፍል ነው የምሠራው፤ ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝረው።

መጀመሪያ ሁለት ገንዘብ ለይተሽ ያዢ። አንዱ ከራስሽ ቼክ የሚቆረጠው ነው። ሌላው ኮሌጁ ከኪሱ የሚጨምረው ነው። ሕጉ ሁለቱን የሚመዝነው በተለያየ መንገድ ነው። ሰው ግራ የሚጋባው ሁለቱን ሲደባልቃቸው ነው። ኤች አር ያሉትም ጭምር።

ከራስሽ ቼክ ለሚቆረጠው የተቀመጠው ደንብ "ዩኒቨርሳል አቬይለቢሊቲ" ይባላል። ኮሌጁ ለአንድ ሠራተኛ እንኳ "ከደሞዝህ ማስቆረጥ ትችላለህ" ካለ ለሁሉም ማለት አለበት። ለፕሬዚዳንቱም፣ ለጥበቃውም፣ ወጥ ቤት ላለውም። "ጽዳት አይገባም"፣ "ዩኒየን ውስጥ ያለ አይገባም"፣ "አድጀንክት (በኮርስ ተቆጥሮ የሚከፈለው መምህር) አይገባም" እያሉ በሥራ ዓይነት መለየት አይቻልም። "መጀመሪያ አንድ ዓመት ሥሪ" ወይም "21 ዓመት ይሙላሽ" ማለትም አይቻልም።

ኮሌጁ እንዲያስቀር የተፈቀደለት ጥቂት ሰው ነው። ዋና ዋናዎቹ በሳምንት በመደበኛነት ከ20 ሰዓት በታች የሚሠሩ፣ እዚያው እየተማሩ የሚሠሩ ተማሪዎች፣ ከአሜሪካ ምንም ገቢ የሌላቸው የውጭ አገር ሰዎች፣ በዚያው አሠሪ ሌላ ተመሳሳይ ፕላን የተከፈተላቸው፣ እንዲሁም በዓመት ከ200 ዶላር የማይበልጥ ብቻ የሚያስቆርጡ ናቸው።

የ20 ሰዓቱ ነገር ደግሞ እንዲሁ በግምት የሚባል አይደለም። መለኪያው በዓመት 1,000 ሰዓት ነው። ስትቀጠሪ ኮሌጁ "በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት 1,000 ሰዓት አትሞላም" ብሎ በበቂ ምክንያት መገመት አለበት። ከዚያ በኋላ ደግሞ በእያንዳንዱ ዓመት በተግባር ከ1,000 በታች መሥራትሽ መታየት አለበት። አንዴ ከሞላሽ በኋላ ሰዓትሽ ቢቀንስ እንኳ አያስወጡሽም። በሳምንት 24 ሰዓት ማለት በዓመት 1,248 ሰዓት ነው። ገና ከተቀጠርሽበት ጊዜ ጀምሮ መግባት ነበረብሽ።

ስለዚህ "ፓርት ታይም" የሚለው መጠሪያ እዚህ ምንም አይፈይድም። ሰዓቱ ነው የሚቆጠረው።

የአሠሪው ገንዘብ ነገር ረዘም ስለሚል ማታ እመለስበታለሁ።

ዳላስ ካምፓስ

እኔም ጥያቄ አለኝ። ዩኒቨርሲቲ ካፊቴሪያ ነው የምሠራው። ልብሴ ላይ የዩኒቨርሲቲው ዓርማ አለ፣ ባጄም የእነሱ ነው። 403ቢ ብዬ ስጠይቅ "አንተ የእኛ ሠራተኛ አይደለህም" አሉኝ። ከላይ "ወጥ ቤት ላለውም" ብለሻልና እኔን አያካትትም?

ሒሳብ ሹም (ቨርጂኒያ)

ወንድሜ፣ አሠሪህ በየዓመቱ ለታክስ የሚሰጥህን ደብሊው-2 ወረቀት አውጣና ሣጥን ሲን እይ። የአሠሪው ስምና አድራሻ የተጻፈበት ነው። እዚያ ላይ ያለው ስም የዩኒቨርሲቲው ከሆነ ደንቡ ይመለከትሃል። የምግብ ኮንትራክተሩ ከሆነ ግን አሠሪህ እሱ ነው። ባጁና ዓርማው ይሄን አይቀይሩትም። ካፊቴሪያ፣ ፓርኪንግና ጥበቃ ላይ ብዙ ወገኖቻችን ያሉት በኮንትራክተር ነው። አንድ ሕንፃ ውስጥ ተመሳሳይ ሥራ እየሠሩ አንዱ ሲገባ ሌላው ውጭ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ያ ማለት ግን ምንም የለህም ማለት አይደለም። የግል ኩባንያዎች ብዙ ጊዜ 401ኬ የሚባል ተመሳሳይ የጡረታ ፕላን አላቸው። እሱ ላይ ግን "ለሁሉም ይከፈት" የሚለው ደንብ የለም፤ በሥራ ዓይነት ሊለይ ይችላል። ሰዓትህ ያነሰ ከሆነ ግን በ2022 የወጣው ሕግ ይረዳሃል፦ በሁለት ተከታታይ ዓመት በየዓመቱ ቢያንስ 500 ሰዓት ከሠራህና 21 ዓመት ከሞላህ፣ ሰዓትህ አነሰ ብለው ከራስህ ደሞዝ እንዳታስቆርጥ ሊከለክሉህ አይችሉም። ይሄ የሁለት ዓመቱ ደንብ ከ2025 ጀምሮ ይሠራል። የኮንትራክተሩን ኤች አር ጠይቅ።

በነገራችን ላይ እዚያው ደብሊው-2 ላይ ሣጥን 12 አለ። "ኢ" የሚል ፊደልና ገንዘብ ካለበት በዚያ ዓመት ወደ 403ቢ ያስቆረጥከው ነው። "ዲ" ከሆነ 401ኬ ነው። ሳታውቁት ተመዝግባችሁ ሊሆን ስለሚችል ሁላችሁም እዩት።

አድጀንክቱ

እኔ በግል ኮሌጅ በሴሚስተር ሦስት ኮርስ አስተምራለሁ፤ በሳምንት 9 የክፍል ሰዓት ማለት ነው። "9 ሰዓት ብቻ ነው የምትሠራው" ይሉኛል። ፈተና ማረሙ፣ ዝግጅቱ፣ ለተማሪ ኢሜይል መመለሱ አይቆጠርም ማለት ነው?

ሒሳብ ሹም (ቨርጂኒያ)

ይቆጠራል። ኮሌጁ ሰዓትህን የሚቆጥርበት ምክንያታዊ ዘዴ ሊኖረው ይገባል። የክፍል ሰዓትን ብቻ መቁጠር ምክንያታዊ አይደለም። ለጤና መድን ሕጉ ሲባል መንግሥት የሰጠው ስሌት አለ፦ ለአንድ የክፍል ሰዓት ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ በዚያ ላይ የግዴታ የቢሮ ሰዓት ካለህ እሱ ይጨመራል። ለጡረታ በቀጥታ የወጣ ባይሆንም ለዚህም የሚጠቀሙበት ኮሌጆች አሉ።

ባንተ እንየው። 9 ሲባዛ በ2.25 በሳምንት 20.25 ሰዓት ይሆናል። "ከ20 በላይ ነኝ" ብለህ ግን አትቸኩል። ወሳኙ የዓመቱ ድምር ነው። ሁለት የ15 ሳምንት ሴሚስተር ካስተማርክ 30 ሳምንት ሲባዛ በ20.25 ወደ 607 ሰዓት ይመጣል። ከ1,000 በታች ነው። በድሮው ደንብ ኮሌጁ ሊያስቀርህ ይችል ነበር።

አሁን ግን ከላይ ለዳላሱ ወንድማችን የነገርኩት የ500 ሰዓት ደንብ አለ። ከ2025 ጀምሮ ኤሪሳ በሚባለው (የግል አሠሪዎችን የጡረታ ፕላን በሚገዛው) የፌዴራል ሕግ ሥር ላሉ 403ቢ ፕላኖችም ደርሷል። 607 ከ500 ይበልጣል። ሁለት ዓመት ተከታትለህ እንዲህ ካስተማርክ ከደሞዝህ የማስቆረጥ መብት አለህ። ኮሌጁ ከራሱ እንዲጨምርልህ ግን ይሄ ደንብ አያስገድደውም። የመንግሥት ኮሌጅ ቢሆን ኖሮ ደግሞ በኤሪሳ ሥር ስላልሆነ የ500 ሰዓቱ ነገር አይነካውም ነበር።

አድጀንክቱ

እግዜር ይስጥልኝ። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው ያስተማርኩት። ነገውኑ እጽፍላቸዋለሁ።

ሒሳብ ሹም (ቨርጂኒያ)

አሁን የማታ ፈረቃ ወደ ጠየቀችው ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። ኮሌጁ የሚጨምረው ገንዘብ።

እዚህ ላይ ነው ኖንዲስክሪሚኔሽን ቴስት የሚባሉት የሚመጡት። ሐሳባቸው አንድ ነው። መንግሥት ለጡረታ ገንዘብ የታክስ እፎይታ ይሰጣል። በምላሹ አሠሪው ጥቅሙን ለአለቆቹ ብቻ አከማችቶ ታችኛውን ሠራተኛ እንዳይረሳ ቁጥር አስቀምጦ ይለካዋል።

ለመለካት ሠራተኛው ሁለት ቦታ ይከፈላል። ባለፈው ዓመት ከተወሰነ ገንዘብ በላይ ያገኘ ከፍተኛ ተከፋይ ይባላል። ለ2026 የሚታየው በ2025 ከ160,000 ዶላር በላይ ያገኘ ነው። የቀረነው ሁላችንም ሌላኛው ቡድን ነን።

የመጀመሪያው ፈተና ስንት ሰው ተካቷል የሚለው ነው። ኮሌጁ 100 ከፍተኛ ተከፋዮችና 1,000 ሌሎች ሠራተኞች አሉት እንበል። 8 ከመቶውን ለመቶዎቹም ከፍተኛ ተከፋዮች ከሰጠ፣ ከሺዎቹ ቢያንስ 700ዎቹን ማካተት አለበት። ከ70 ከመቶ በታች ከሆነ ሌላ ጠበቅ ያለ ስሌት አለ፤ እሱንም ካላለፈ ፕላኑ ችግር ውስጥ ነው።

አሁን አስቢው እህቴ። 700 ከተካተቱ 300 ሰው ውጭ መቅረት ይችላል። እነዚያ 300ዎቹ የጽዳትና የግቢ ሠራተኞች ሊሆኑ ይችላሉ። መስማት ያማል፤ ግን ሕጉ ይፈቅደዋል። ኮሌጁ "የጽዳት ክፍል በአሠሪው መዋጮ ውስጥ የለም" ብሎ በሥራ ዓይነት ከጻፈና ቁጥሩ ካለፈለት አልጣሰም። በዩኒየን ስምምነት ሥር ያሉትን ደግሞ ከቆጠራው ጭራሽ ማውጣት ይችላል፤ እነሱ በድርድራቸው ያግኙት ተብሎ ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር አለ። የፕላኑ ሰነድ ያስቀረሽ በሥራ ዓይነት ሳይሆን "ፓርት ታይም" ብሎ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። በግል ኮሌጅ በዓመት 1,000 ሰዓት የሞላን ሰው ፓርት ታይም ነው ብሎ ብቻ ማስቀረት አይቻልም። ስለዚህ የሰነዱ ቃል ምን እንደሚል ማየት አለብሽ። ሰመሪ ፕላን ዲስክሪፕሽን የሚባለውን፣ የፕላኑን ደንብ በአጭሩ የሚያስረዳውን ሰነድ፣ በጽሑፍ ጠይቂያቸው። በ30 ቀን ውስጥ ካልሰጡ ፍርድ ቤት በቀን እስከ 110 ዶላር ሊቀጣቸው ይችላል።

ሀቅ ፈላጊ

ያው እኮ ነው! ሕጉ የተሠራው ለአለቆች ነው። 300 ሰው ማስቀረት ከተቻለ ምኑን ነው ፈተና የሚባለው? ፕሬዚዳንቶቹ ደግሞ ለብቻቸው ሌላ አካውንት አላቸው ሲባል ሰምቻለሁ።

ሒሳብ ሹም (ቨርጂኒያ)

ንዴትህ ይገባኛል። የሰማኸውም እውነት ነው። 457ቢ የሚባል ሌላ የጡረታ ፕላን አለ፤ በግል ኮሌጅ የሚከፈተው ለተመረጡ ኃላፊዎችና ለከፍተኛ ተከፋዮች ብቻ ነው። ሕጉ ራሱ ነው እንዲህ ያለው። አንድ አደጋ ግን አለው፦ ገንዘቡ እስኪከፈላቸው ድረስ የኮሌጁ ንብረት ነው። ኮሌጁ ከከሰረ አበዳሪዎች ይወስዱታል። ያንተና የእኔ 403ቢ ግን በስማችን ነው፤ የኮሌጁ አበዳሪ አይነካውም።

ፈተናዎቹ ከንቱ ናቸው በሚለው ግን አልስማማም። ሌላኛውን ፈተና ላሳይህ። ኮሌጁ "አንተ ካስቆረጥክ እኔም እጨምራለሁ" የሚል ከሆነ፣ ማለትም ማች ካለው፣ በየዓመቱ አማካይ ይሠራል። የእያንዳንዱ ሰው ማች ከደሞዙ ስንት ከመቶ ነው? የታችኞቹ አማካይ 4 ከመቶ ከሆነ የከፍተኛ ተከፋዮቹ አማካይ ከ6 ከመቶ መብለጥ አይችልም። የታችኞቹ 2 ከመቶ ከሆነ ደግሞ ከ4 አያልፍም።

ትልቁ ነገር እዚህ ጋ ነው፦ መግባት እየቻለ ያልገባ ሰው በዜሮ ይቆጠራል። ከሒሳቡ አይወጣም። መቶ የጽዳት ሠራተኛ ማች እያላቸው ሳያውቁ ከቀሩ መቶ ዜሮ አማካዩን ወደ ታች ይጎትተዋል። ፈተናው ከወደቀ ኮሌጁ ትርፉን ከከፍተኛ ተከፋዮቹ አካውንት ማውጣት ወይም ለታችኞቹ ተጨማሪ መክፈል አለበት። የፕላኑ ዓመት ካለቀ በሁለት ወር ተኩል ውስጥ ካላስተካከለ 10 ከመቶ ቅጣት ይመጣበታል። ስለዚህ እናንተ መግባታችሁ ለአለቆቹም ይጠቅማል። ብልህ ኮሌጅ ይሄን ያውቃል፤ ወደ ጽዳት ክፍሉ ሄዶ በአካል ያስረዳል።

አንዳንዱ ደግሞ ከፈተናው ለመዳን ሴፍ ሃርበር የሚባለውን ይመርጣል። ለምሳሌ ለሚመለከታቸው ሁሉ 3 ከመቶ መስጠት። ያን ጊዜ ማቹ በየዓመቱ አይፈተንም።

ጋሼ ዘሲያትል

ልጆቼ፣ ጡረታ ወጥቼ ነው የማነባችሁ፤ ሠላሳ ምናምን ዓመት የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሠርቻለሁ።

ይሄ ነገር ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። አንድሩ ካርኔጊ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ባለአደራ ሳለ የመምህራኑን ደሞዝ አይቶ ደነገጠ። በ1905 ለመምህራን ጡረታ 10 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ገንዘቡ ለሁሉም እንደማይበቃ ሲታይ በ1918 ቲአይኤኤ የሚባለው የመምህራን ጡረታ ድርጅት ተቋቋመ። እንግዲህ ከመሠረቱ የታሰበው ለፕሮፌሰሩ ነው። መስኮት የሚወለውለውን ማንም አላሰበውም። 403ቢ በ1958 በሕግ ሲገባም ያው ነበር። ለኮሌጆች አድልዎን የሚከለክለው ደንብ የመጣው በ1986ቱ የታክስ ሕግ ነው፤ ዝርዝሩ ደግሞ በ2007 ወጥቶ ከ2009 ጀምሮ ጸና። ስለዚህ ልጄ ሀቅ ፈላጊ፣ ደንቡ ሙሉ ባይሆንም ባዶ እጅ አይደለም። ከእሱ በፊት የነበረውን እኔ አይቼዋለሁ።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። ደንቡ ኮሌጁ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ለሠራተኛው መብቱን ያሳውቅ ይላል። የሚያሳውቁት ግን እንዴት ነው? በኢሜይል። በፖርታል። የማታ ሠራተኛ የኮሌጅ ኢሜይሉን መቼ ይከፍታል? ብዙዎቹ ጭራሽ የላቸውም። ማስታወቂያው መጥረጊያና ባልዲ የሚቀመጥበት ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ሰዓት መሙያው ማሽን አጠገብ ቢለጠፍ ምን ይጎዳል? ሕጉ የሚጠይቀው እኮ በተግባር የሚሠራ ዕድል ነው፤ ወረቀት ላይ ያለ ዕድል አይደለም።

ሒሳብ ሹም (ቨርጂኒያ)

ጋሼ፣ እጅግ ትክክል ብለዋል። በዚህ ላይ አንድ ልጨምር። በኤሪሳ ሥር ባለ ፕላን 100 ወይም ከዚያ በላይ ተሳታፊ ካለ፣ ከእነሱ ውስጥ 10 ከመቶው ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ ማንበብ የሚችለው አንድ ዓይነት ሌላ ቋንቋ ብቻ ከሆነ፣ ፕላኑ በዚያ ቋንቋ "እርዳታ ከፈለጋችሁ እዚህ ጠይቁ" የሚል ጽሑፍ በሰነዱ ላይ ማኖር አለበት። አማርኛም ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ የማይሞላበት ቦታ ቢሆንም መጠየቅ ነውር የለውም። እኛ ጋ በአማርኛ አንድ ገጽ አዘጋጅተን ነበር፤ ሰው ሲያነበው ፊቱ ይለወጣል።

ዶክትሬት ተማሪ

እኔ ኤፍ-1 (የተማሪ ቪዛ) ላይ ነኝ፤ ቲቺንግ አሲስታንት ሆኜ እሠራለሁ። ባለቤቴ ደግሞ በኤች-1ቢ (የሥራ ቪዛ) ሆና እዚያው ፖስትዶክ ናት። ግሪን ካርድ ስለሌለን አይመለከተንም ብለን ትተነዋል።

ሒሳብ ሹም (ቨርጂኒያ)

በግሪን ካርድ አይደለም። አንተ ሊያስቀሩህ የሚችሉት ተማሪ ስለሆንክ ነው፤ እዚያው እየተማሩ መሥራት ከማግለያዎቹ አንዱ ነው። የ500 ሰዓቱ አዲስ ደንብም ይሄን አይሽርም። ባለቤትህ ግን ተማሪ አይደለችም። ደሞዟ ከአሜሪካ ነው። በቪዛዋ ሊያስቀሯት አይችሉም። ወደ አገር ብትመለሱም ገንዘቧ የእሷ ነው።

አሳቢ እህት (ሚኒሶታ)

ሁሉም ጥሩ ነው፤ ግን እውነቱን እንነጋገር። በሳምንት 24 ሰዓት የምትሠራ ሴት ኪራይ አለባት፣ እናቷ አዲስ አበባ ገንዘብ ይጠብቃሉ፣ እቁብ አለባት። ከየት አምጥታ ታስቆርጥ? ደግሞ ኤች አርን ብዙ ስትጠይቂ ዓይን ውስጥ ትገቢያለሽ። ሥራሽን ጠብቂ እህቴ።

ሒሳብ ሹም (ቨርጂኒያ)

ስጋትሽ ተገቢ ነው። የፕላን መብቷን በመጠየቋ ማባረር ወይም ማዋከብ ግን ኤሪሳ በቀጥታ ይከለክላል። ለዚህም ነው በአፍ ሳይሆን በኢሜይል ይሁን የምለው፤ ቀኑና ቃሉ ይቀመጣል። ካስፈለገም የሌበር ዲፓርትመንት የቤኔፊት ክፍል በ1-866-444-3272 በነፃ ይረዳል። አስተርጓሚ ስጡን ማለት ይቻላል።

አቅሙን በተመለከተ፣ መጀመር ያለበት በትልቅ ገንዘብ አይደለም። በየቼኩ 15 ወይም 20 ዶላር ይበቃል። የዓመቱ ጣሪያ ለ2026 24,500 ዶላር ነው፤ 50 ዓመት የሞላው 8,000 ይጨምራል። እሱ ግን ጣሪያ እንጂ ግዴታ አይደለም። ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች ደግሞ ሴቨርስ ክሬዲት የሚባል የታክስ ቅናሽ አለ፤ ካስቀመጡት ላይ እስከ ግማሹ ከታክሳቸው ይቀነስላቸዋል። በ2027 መልኩ ይቀየርና መንግሥት ራሱ አካውንታቸው ውስጥ በዓመት እስከ 1,000 ዶላር ያስገባል። ታክስ የሚሠራላችሁን ሰው ይሄን በስሙ ጠይቁት፤ ብዙ ሰው ጥሎት ነው የሚያልፈው።

የማታ ፈረቃ (ሜሪላንድ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እህቴ ሒሳብ ሹም ባለችው መሠረት ኢሜይል ጻፍኩ። ልጄ እንግሊዝኛውን አስተካከለልኝ። የተጻፈው ይሄው ነው፦ "ከተቀጠርኩ ጀምሮ በሳምንት 24 ሰዓት ሠርቻለሁ። ይህ በዓመት ከ1,000 ሰዓት በላይ ነው። ወደ 403ቢ ከደሞዜ ማስቆረጥ እፈልጋለሁ። የማልችል ከሆነ በፕላኑ ሰነድ የትኛው አንቀጽ እንደሚከለክለኝ አሳዩኝ። የሰመሪ ፕላን ዲስክሪፕሽኑንም ቅጂ እጠይቃለሁ።"

መጀመሪያ ኤች አር ውስጥ "አይመለከትሽም" ካለችኝ ልጅ ሳይሆን ከበላይዋ መልስ መጣልኝ። "ትክክል ነሽ፤ ፎርሙን ልከንልሻል" ይላል። ሰነዱም መጣ። ኮሌጁ ስለሚጨምረው 8 ከመቶ ሰነዱ የሚለው "የጽዳትና የግቢ ጥገና ሠራተኞችን አይጨምርም" ነው። ፓርት ታይም አይልም። እንግዲህ እሱ በሕጉ ያለፈ ነው ማለት ነው፤ ቢከፋኝም ገብቶኛል። የቀሩት የማታ ሠራተኞችም እኔን አይተው ኢሜይል እየጻፉ ነው።

አሁን የምጠይቀው ያለፉትን ሦስት ዓመታት ነው። እንዲሁ ቀለጠ?

ሒሳብ ሹም (ቨርጂኒያ)

ጎበዝ! አንቀጹን አሳዩኝ ማለትሽ ነው ነገሩን የጨረሰው።

ያለፈው እንዲሁ አይቀልጥም። ሠራተኛን ያለአግባብ ያስቀረ ኮሌጅ የሚያስተካክልበት ሥርዓት አይአርኤስ (የፌዴራል የታክስ መሥሪያ ቤቱ) አውጥቷል። አንቺ ስንት ታስቆርጪ እንደነበር ማንም ስለማያውቅ፣ ማች በሌለበት 403ቢ ከደሞዝሽ 3 ከመቶ ታስቆርጪ ነበር ተብሎ ይወሰዳል። የዚያን ግማሽ ኮሌጁ ከራሱ ኪስ አካውንትሽ ውስጥ ያስገባል፤ ገንዘቡ በዚያ ጊዜ ያፈራ የነበረውንም ጨምሮ።

በሰዓት 19 ዶላር ነው እንበል። 1,248 ሰዓት ሲባዛ በ19 በዓመት 23,712 ዶላር። 3 ከመቶው 711 ዶላር ከ36 ሳንቲም። ግማሹ 355 ከ68። ለአንድ ዓመት ነው። ኮሌጁ ቶሎ ካስተካከለና የሚገባውን ማስታወቂያ ከሰጠሽ ግማሹ ወደ ሩብ ሊወርድ ይችላል። በዚያም በዚህም የአንቺ ነው። ደግሞ ባንቺ ብቻ አያበቃም፤ በተመሳሳይ መንገድ የቀሩትን ሠራተኞች በሙሉ ማስተካከል አለባቸው። በሁለተኛ ኢሜይል "ላለፉት ዓመታት እርማቱ መቼ ይደረጋል?" ብለሽ ጠይቂ። ዓመቶቹን በቁጥር ጻፊ።

ጋሼ ዘሲያትል

ልጄ፣ የቀሩትን እህቶችሽንም አብረሽ ጻፊ። ሰባት ስምንት ስም ያለበት ደብዳቤ በፍጥነት ነው የሚነበበው።

የስቴት ሠራተኛ (ኦሃዮ)

ዘግይቼ ነው ያየሁት። እኔ በስቴት ዩኒቨርሲቲ ነኝ፤ ጥገና ክፍል፣ ፉል ታይም። ይሄ ሁሉ ፈተና እኛንም ይመለከታል?

ሒሳብ ሹም (ቨርጂኒያ)

ግማሹ ብቻ። የመንግሥት ፕላኖች ከቁጥር ፈተናዎቹ ነፃ ናቸው፤ የ70 ከመቶውም የማቹ አማካይም አይሠራባቸውም። ከራስህ ደሞዝ የማስቆረጥ በር ለሁሉም ይከፈት የሚለው ግን እናንተንም ይመለከታል።

እናንተ ጋ ሌላ ጥቅም አለ። የመንግሥት ተቋማት ብዙ ጊዜ 403ቢም 457ቢም ይኖራቸዋል። ያንተ 457ቢ ከላይ ስለ ፕሬዚዳንቶቹ ያወራሁት ዓይነት አይደለም፤ ለተራው ሠራተኛም የሚከፈት ነው፣ ገንዘቡም ለሠራተኞቹ ብቻ በአደራ የተቀመጠ ስለሆነ አበዳሪ አይነካውም። የሁለቱ ጣሪያ ለየብቻ ነው የሚቆጠረው፤ አቅም ያለው በሁለቱም 24,500 ማስቆረጥ ይችላል። አቅሙ ለአንዱ ብቻ ከሆነ እኔ 457ቢውን አስቀድማለሁ። ሥራ ስትለቅ 59 ዓመት ተኩል ባይሞላህም 10 ከመቶ ቅጣት ሳይነካህ ልታወጣው ትችላለህ። 403ቢው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይቀጡሃል። ኤች አር ስትሄድ ሁለቱንም ፎርም ለየብቻ ጠይቅ፤ አንዱን ብቻ ሰጥተው ሊሸኙህ ይችላሉ።